በሚሠራ መንገድ ላይ ስለሚቆም ምልክት ያዥ የተደረገ ንግግር



መንገድ በሚጠገንበት ወይም አዲስ በሚወጣበት ስፍራ ከሠራተኞቹ ርቆ፥ ፊቱን ወደ መኪናው መምጫ መልሶ ብቻውን የሚቆም አንድ ሰው አለ። በእጁ ቀይ ባንዲራ ወይም በዘንግ ላይ የተመታ ሰሌዳ ይይዛል፤ ስለዚህም ባንዲራ ያዥ ይሉታል። አካፋ ስላልያዘ ድንጋይም ስለማይሸከም ለብዙ ሰው ሥራ ፈት ይመስለዋል። ነገር ግን ከኋላው ጎንብሰው የሚቆፍሩት ሰዎች ነፍስ በእርሱ እጅ ናት። እነርሱ የሚመጣውን መኪና አያዩትም፤ የመሣሪያውም ጩኸት ድምፁን አያሰማቸውም። በእነርሱ ፋንታ የሚያይላቸው እርሱ ብቻ ነው።

ለዚህም ሥራ የተጻፈ ሥርዓት አለው። በአሜሪካ አገር የመንገድ ምልክት ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆን ዘንድ የወጣው መጽሐፍ በመጀመሪያ የታተመው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1935 ዓመት ነው፤ እየታረመም 11ኛው እትም በ2023 ወጣ። በዚሁ መጽሐፍ እንደ ተጻፈው ምልክት ያዡ አስቀድሞ ሊይዝ የሚገባው ሰሌዳ ነው፤ ባንዲራ ግን ለድንገተኛ ነገር ተትቷል። ሰሌዳው ስምንት ማዕዘን ሲሆን ወርዱ ከ45 ሳንቲ ሜትር ያህል አያንስም። አንዱ ፊቱ ቀይ ሆኖ በነጭ ፊደል «ቁም» ይላል፤ ሁለተኛው ፊቱ የብርቱካን መልክ ያለው ሆኖ በጥቁር ፊደል «በዝግታ ሂድ» ይላል። ባንዲራ ከሰሌዳ የሚያንስበት ምክንያት ግልጥ ነው፤ ጨርቅን ነፋስ ሲመታው በዘንጉ ላይ ይጠቀለላል፤ ሰሌዳ ግን እንደ ተዘረጋ ይኖራል።

ባንዲራ የያዘ እንደ ሆነ መኪና ለማቆም ዘንጉን በመኪናው መንገድ አንጻር አግድም ይዘረጋል፤ ጨርቁም ሁሉ ተንጠልጥሎ ይታያል። ባዶውንም እጁን መዳፉን ወደሚመጣው አድርጎ ከትከሻው በላይ ያነሣል። ለማሳለፍ ሲሻ ባንዲራውን ዝቅ አድርጎ በባዶ እጁ ይጠቅሳል፤ በቀዩ ባንዲራ «እለፍ» ማለት ክልክል ነው። ያው አንድ ጨርቅ አሁን ቁም፥ ቆይቶም እለፍ ቢል ማን ያምነዋል?

የሚቆመውም በመንገዱ ዳር ነው። ፊተኛው መኪና ፈጽሞ ሳይቆም ወደ መካከል መግባት አይገባውም። ብቻውን እንዲቆም የታዘዘበትም ምክንያት በግልጥ እንዲታይ ነው። በገጠር ግን መንገደኛ ሁሉ አጠገቡ ቆሞ ወሬ ይጠይቀዋል፤ ሰዎቹ በከበቡት ጊዜ ነጂው ምልክቱን ሳይሆን ጉባኤውን ያያል። በሌሊትም የሚሠራ ከሆነ የቆመበት ስፍራ መብራት ያሻዋል።

ስለ ርቀቱም ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ዓይን አይቶ፥ ልብ ቆርጦ፥ እግር ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ መኪናው እንደ ሮጠ ነው። ስለዚህ በመጽሐፉ እንደ ተመለከተው በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና 93 ሜትር ያህል፥ በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ግን 174 ሜትር ያህል መቆሚያ ይታሰብለታል። ፍጥነቱ በግማሽ ቢጨምር ርቀቱ ወደ እጥፍ ቀረበ። ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ምልክት ያዥ በመታጠፊያ ጀርባ ቢቆም ሰሌዳው የቱንም ያህል ቢያምር አይረባውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ግን ምልክቱ እውነት መናገሩ ነው። ከምልክት ያዡ አስቀድሞ፥ በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን የብርቱካን መልክ ያለው ሰሌዳ ይተከላል፤ በላዩም ምልክት የያዘ ሰው ሥዕል አለበት። ትርጓሜውም «ወደ ፊት የሚያቆምህ ሰው አለ» ማለት ነው። ሰውየው ከሥራው ሲነሣ ይህ ሰሌዳ እንዲነቀል፥ ወይም እንዲሸፈን፥ ወይም ፊቱ ከመንገደኛው እንዲመለስ መጽሐፉ ያስገድዳል። ነገሩ ላላስተዋለው ትንሽ ይመስላል። አንድ ነጂ ሰኞ ማታ ሰሌዳውን አይቶ ፍጥነቱን ቀነሰ እንበል፤ ማንንም ሳያገኝ አለፈ። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ረቡዕ አልቀነሰም። ሐሙስ ጧት ግን ሰውየው ቆሟል። ሰሌዳውን ሳያነሣ ወደ ቤቱ የገባው ሰው በዚያች ሰዓት በሌላ ስፍራ ይሆናል፤ ዕዳውን የሚከፍለው በእውነት የቆመው ነው።

ከመንገዱ አንዱ ወገን ሲሠራ መኪናዎች በሌላው ወገን ተራ በተራ ያልፋሉ፤ በሁለቱም ጫፍ ምልክት ያዥ ይቆማል። የማይተያዩ ከሆነ በሬዲዮ ይነጋገራሉ። ሬዲዮ በሌለበት ደግሞ ሌላ ብልሃት አለ፤ እርሱም ለማስተማር ከሁሉ የቀለለ ነው። ከዚህኛው ጫፍ በመጨረሻ ለሚያልፈው ነጂ ቀይ ባንዲራ ወይም ሌላ የታወቀ ዕቃ ይሰጠዋል፤ እርሱም ወስዶ በወዲያኛው ጫፍ ለቆመው ያስረክባል። ያም ዕቃውን በእጁ ሳይጨብጥ አንድ መኪና እንኳ አይለቅም። ይህ የሚሠራበት ርቀቱ ከ1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ያልበለጠ እንደ ሆነ ነው።

በኢትዮጵያም የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ መንገድ ወደ ብዙ ገጠር ገብቷል። በገጠር መንገድ የሚሄደው መኪና ብቻ አይደለም፤ ገበያተኛው፥ የተጫነው አህያ፥ የሚነዳው ከብት፥ ለቀብር የወጣው ሕዝብም ይሄድበታል። ምልክቱ ለእነዚህም ነው። ሽማግሎች በቀዬአቸው የተሰሚነት ኀይል ስላላቸው፥ ሰሌዳውን ለደጅ መዝጊያ ነቅሎ የወሰደ ሰው ቢገኝ ወደ ስፍራው እንዲመልስ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሕፃናትም ቀይ ጨርቅ በእንጨት አስረው በመኪና ፊት እንዳይጫወቱበት ይከልክሏቸው።

መምህሩም ተማሪዎቹን ከመንገድ ወደ ራቀ ሜዳ አውጥቶ 93 ሜትር ያስለካቸው፤ በክንድ ወደ ሁለት መቶ ገደማ ይሆናል። አንዱን ልጅ በዚህ ጫፍ ቀይ ጨርቅ አስይዞ ያቁመው፤ የቀሩትም በወዲያኛው ጫፍ ሆነው ጨርቁ ምን ያህል አንሶ እንደሚታያቸው ይንገሩት።