ከመለዮ ወደ እድር

ጦርነት ሲያበቃ ወታደሩና ቤተሰቡ ከጎረቤት ጋር እንዴት ይላመዳሉ? የራሳችን ታሪክ መልስ አለው።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ የደርግ ሠራዊት ተበተነ። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር መለዮውን አውልቆ ወደ ሲቪል ሕይወት ተመለሰ። ለዚሁ የተቋቋመው ኮሚሽን ቀለብና የገንዘብ ድጋፍ ሰጠ፤ ወደ ገጠር ከገቡትም ብዙዎቹ የእርሻ መሬትና ዘር አገኙ።

ቀለብ ግን ያልቃል፤ የሚያሻግረው ጉርብትና ነው። በሬ የሌለው ተመላሽ መሬቱ ጦም እንዳያድር መንደሩ ደቦ ይወጣለታል፤ እሱም በተራው የሌላውን አዝመራ ያጭዳል። ከካምፕ የወጣች የወታደር ሚስት እድር ስትገባ፣ ሐዘን ቢደርስባት ድንኳን የሚተክልላት፣ እንጀራ ይዞ የሚደርስላት ወገን አገኘች ማለት ነው። ጎረቤቷ ያዘነች ቀን ደግሞ እሷ ቡና አፍልታ ታስተዛዝናለች።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ ተመላሹ ተረጂ ብቻ ሳይሆን ረጂም ሲሆን መተማመን ይበቅላል። ዛሬም በሰፈራችሁ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ቤተሰብ ካለ፣ ለእርዳታ ብቻ ሳይሆን ለቡናም ጥሩት፤ እድሩም ይመዝግበው።