ከማጣቀሻው ጋር ያልገጠመው

የእኔ የከብት እርባታ ሥራ የሚከናወነው ከኮምፒውተር ፊት ነው። የከብቱ ዲኤንኤ በሚሊዮን በሚቆጠሩ አጫጭር ቁርጥራጮች ተነቦ ይደርሰኛል፤ እያንዳንዱን ከማጣቀሻ ጂኖም ጋር እያመሳከርሁ ቦታውን አስይዛለሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው ማጣቀሻ በዋነኛነት የተነበበው ከአንዲት አሜሪካዊት የሄርፎርድ ላም ነው። እርሷን የገንዲ ዝንብ ነክሷት አያውቅም! የደቡብ ምዕራቡ ሸኮ ከብታችን ግን ገንዲን በመቋቋም የታወቀ ነው።

ታዲያ የሸኮ ጂኖም ከእርሷ የሚለይበት ቁርጥራጭ ቦታ ሲያጣ ፕሮግራሙ ለብቻው ያስቀምጠዋል፤ ብዙዎችም እንደ ገለባ ይደፉታል። ከፊሉ በእርግጥ የባክቴሪያ ዲኤንኤ ወይም የንባብ ስሕተት ነው። ቢሆንም ተማሪዎቼ እንዲሰርዙት አልፈቅድም። የዲስክ ቦታ ውድ መሆኑ አይጠፋኝም፤ ሆኖም ሸኮ ከአጎራባች ዝርያዎች ጋር እየተዳቀለ በመመናመን ላይ ስለሆነ፣ ናሙናውን እንደገና ልንወስድ ስንመለስ ንጹሑን ዝርያ ላናገኘው እንችላለን።