መጽሐፍ ቅዱስን ስለ መተርጐምና ስለ ማተም መብት



በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ቀን ስለ መጽሐፍ መናገር የተገባ ነው። ቅዳሴው፥ ማኅሌቱና ስብከቱ ሁሉ ያለ መጽሐፍ አይቆምምና። ነገር ግን መጽሐፉ ወደ አትሮንሱ ከመድረሱ አስቀድሞ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ፥ ማን እንደ ደከመበት፥ ማን ገንዘብ እንደ ከፈለበት፥ ማንስ ይታተም ወይም አይታተም ለማለት ሥልጣን እንደ ነበረው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የቃሉ ባለቤት እግዚአብሔር ነው ማለት እውነት ነው፤ ቃሉን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የመለሰው ግን ሰው ነው፤ ፊደሉን የለቀመውም፥ ወረቀቱን የገዛውም ሰው ነው። የዚህ ንግግር ነገር ስለ እነዚህ ሰዎች ነው። የሚነገሩትም ዓመታት፥ ዓመተ ምሕረት ተብለው ካልተለዩ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በብራና ዘመን ጸሓፊው መጽሐፉን ሲፈጽም፥ የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ብሎ መጻፍ ልማድ ነበር። ይህ ግዝት ተመልክተው ቢያስተውሉት የሚጠብቀው ብራናውን ነው እንጂ በብራናው ላይ ያለውን ቃል ከመገልበጥ አይከለክልም። መጽሐፉን ተውሶ የገለበጠ ደብተራ ሌባ አልተባለም፤ እንዲያውም እንደ በጎ ሥራ ተቈጠረለት። ምክንያቱም ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ቅጂ አዲስ ብራና፥ አዲስ ቀለምና አዲስ ድካም ይጠይቅ ስለ ነበረ፥ የፊተኛው ጸሓፊ በኋለኛው ጸሓፊ ሥራ የሚያጣው ነገር አልነበረም። ማተሚያ በመጣ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። አታሚው አንድ መጽሐፍ እንኳ ሳይሸጥ አስቀድሞ ለፊደል፥ ለወረቀት፥ ለለቃሚውና ለአራሚው ብዙ ገንዘብ ያፈሳል፤ ሌላው ሰው የእርሱን እትም ፊቱ ዘርግቶ ያለ ድካም ቢያትምበት የፊተኛው ይከስራል። የማተም መብት የሚባለው ነገር የተወለደው ከዚህ ነው።

በእንግሊዝ አገር በንጉሥ ያዕቆብ ትእዛዝ የተተረጐመው መጽሐፍ ቅዱስ በ1611 ሲታተም፥ የማተሙ ሥልጣን የንጉሡ አታሚ የሮበርት ባርከር ነበረ። ከእርሱ በቀር የካምብሪጅና የኦክስፎርድ ትምህርት ቤቶች ብቻ በንጉሥ ደብዳቤ ሥልጣን ነበራቸው። ስለዚህ ሥልጣን የሚሰጠው ምክንያት ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ቃሉ እንዳይበላሽ ኃላፊ የሆነ ሰው ያስፈልጋል የሚል ነበር። ኃላፊውም ራሱ ይሳሳታል። በ1631 ባርከርና ባልንጀራው ሉካስ ባተሙት መጽሐፍ ውስጥ በዐሠርቱ ትእዛዛት መካከል አንዲት አፍራሽ ቃል ጐድላ ዝሙትን የሚከለክለው ትእዛዝ ዝሙትን የሚያዝ ሆኖ ወጣ። ሁለቱም 300 ፓውንድ ተቀጡ። መብት ያለበት ሰው ተጠያቂ ነው፤ የዚህ ሥርዓት በጎነቱ ይህ ነው። ለደራሲ መብት የሰጠው የእንግሊዝ ሕግ ከ1710 ጀምሮ ሲሠራ፥ ያ የንጉሥ ሥልጣን ለብቻው ቀረ፤ በእንግሊዝ አገርም እስከ ዛሬ አልተሻረም።

ክፋቱ የታየው ግን ከባሕር ማዶ ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ጆን ኤልየት የሚባል ሰባኪ መጽሐፍ ቅዱስን በአገሬው ሕዝብ ቋንቋ ተርጕሞ በ1663 አሳተመው። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን የንጉሥ አታሚዎች መብት ስለ ነበረ፥ በዚያው አገር ተጠናቆ በግልጥ የታተመው በነጻነት ጦርነት ዘመን በ1782 በፊላዴልፊያ በሮበርት ኤትከን ነው። እንግሊዝኛ የሚናገሩት ሰፋሪዎች፥ ጐረቤቶቻቸው በገዛ ቋንቋቸው የታተመ መጽሐፍ ካገኙ በኋላ መቶ ዓመት አልፎ እንኳ የራሳቸውን ከባሕር ማዶ በመርከብ ያስመጡ ነበር። አጥር ከብትን ከአውሬ እንደሚጠብቅ ሁሉ፥ በሩ ከተዘጋ ከውኃም ይከለክላል።

ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። የእንግሊዝኛው ትርጓሜ ዳግመኛ ሲታረም ኦክስፎርድና ካምብሪጅ 20,000 ፓውንድ ከፍለው መብቱን ገዙ፤ አዲስ ኪዳንም በግንቦት 1881 ወጣ። የአሜሪካ ሕግ ግን በዚያን ጊዜ የውጭ አገር ሰው ሥራ አይጠብቅም ነበር። ስለዚህ በቺካጎ ከተማ ሁለት ጋዜጦች፥ ከፊሉን በቴሌግራፍ አስመጥተው፥ በግንቦት 22 ቀን አዲስ ኪዳንን ሙሉውን በጋዜጣ አትመው ሸጡት። ብዙ ሰው በርካሽ አነበበው፤ ይህን ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ማንም እንደ ፈለገ ማተም በቻለበት ጊዜ የተለወጡ እትሞችም ተነሡ። ከዚህ የተነሣ አሜሪካውያኑ ሊቃውንት የራሳቸውን እርማት በ1901 ሲያወጡ፥ ቃሉ ንጹሕ ሆኖ እንዲጠበቅ ብለው የማተም መብቱን በሕግ አስመዘገቡት።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አቡ ሩሚ የሚባል፥ አብርሃም ተብሎም የሚጠራ፥ ብዙ አገር የዞረ አንድ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ በካይሮ ተቀምጦ ነበር። በዚያ የፈረንሳይ ቆንስል ምክትል የነበረው አሴሊን ደ ሼርቪል አገኘውና መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ ይመልስ ዘንድ ሥራውን ተያያዙት። በሳምንት ሁለት ቀን፥ ማክሰኞና ቅዳሜ፥ አሴሊን ቤቱን ለእንግዳ ዘግቶ ከሽማግሌው ጋር ይቀመጥ ነበር። ዐረብኛውን ቀስ ብለው ያነባሉ፤ ቃሉ የከበደ እንደ ሆነ አሴሊን የዕብራይስጡን፥ የሱርስጡንና የሰባ ሊቃናቱን ትርጓሜ ይመለከት ነበር። እንዲህ ሲሠሩ ዐሥር ዓመት አለፈ። የእጅ ጽሑፉ ሲፈጸም 9,539 ገጽ ሆነ። አንድ ሽማግሌ ሰው በስደት አገር፥ ደጀ ሰላሙ፥ ጉባኤውና መምህራኑ ሳይኖሩት ይህን ፈጸመ። ከዚያም ኢየሩሳሌምን ሊሳለም ሄዶ ተመለሰና በ1819 በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ።

በ1820 ዊልያም ጆወት የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ የእጅ ጽሑፉን ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ከአሴሊን በ1,250 ፓውንድ ገዛው። በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። የተከፈለውም ለአሴሊን ነው፤ ሽማግሌው በመቃብር ነበረ። በእርግጥ አሴሊን ሥራውን ያሰበ፥ ዐሥር ዓመት አብሮ የደከመ ሰው ነውና ዋጋ አይገባውም ማለት ግፍ ይሆናል። ማኅበሩም ለትርፍ አልገዛውም። ፕላት በሚባል ሊቅ እጅ እያሳረመ ወንጌሎቹን በ1824፥ አዲስ ኪዳንን በ1829፥ ሙሉውን መጽሐፍ በ1840 በሎንዶን አሳተመ፤ በ1830ም ሳሙኤል ጎባት ወንጌሎቹን ይዞ ኢትዮጵያ ገባ።

ሆኖም ጽሑፉን የገዛ ሰው ገጹን ብቻ አይገዛም። ምን እንደሚታተምና ምን እንደሚቀር የመቍረጥን ሥልጣን አብሮ ይገዛል። ይኸው ማኅበር በውስጡ ብዙ ከተከራከረ በኋላ በ1826 ገንዘቡ ለዲዩትሮካኖኒካል መጻሕፍት ማተሚያ እንዳይውል ደነገገ። ክርክሩ የእንግሊዞችና የስኮትላንዶች ነበረ፤ ከኢትዮጵያ ሊቃውንት አንድ እንኳ አልተጠየቀም። ነገር ግን ሰማንያ አንድ መጻሕፍትን ለምትቀበል ቤተ ክርስቲያን የመጣላት የአማርኛ መጽሐፍ ስድሳ ስድስቱን ብቻ የያዘ ሆነ። ማንም ቅዱሱን ቃል አላበላሸም፤ መጻሕፍቱንም በግዝት የለየ ጉባኤ አልነበረም፤ የማተሚያው መዝገብ በዚያ ስለ ተዘጋ ብቻ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ የተዘጋጀው ትርጓሜ በ1954 ዓመተ ምሕረት ወጣ፤ ሰማንያ አንዱም መጻሕፍት በአማርኛ በአንድነት ታትመው በ2000 ዓመተ ምሕረት ለምእመናን ቀረቡ። ከ1840 ጀምሮ ቢቈጠር ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ነው።

ዛሬ በኢትዮጵያ ይህን ነገር የሚገዛው በ1996 ዓመተ ምሕረት የወጣው የቅጂ መብት ዐዋጅ፥ ቍጥር 410 ነው። ትርጓሜ እንደ ራሱ የቻለ ሥራ ይጠበቃል፤ የገንዘቡ መብት ደራሲው በሕይወት ሳለ፥ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቈያል። ስለዚህ አንድ ደብር ከአዲሶቹ ትርጓሜዎች ለሰንበት ትምህርት ቤት ሙሉ መጽሐፍ አባዝቶ ሊሸጥ ቢያስብ፥ ለነፍስ ጥቅም ነው ማለት ብቻውን አይበቃውም፤ ከባለ መብቱ በጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ከ1840 የሎንዶን እትም የሚገለብጥ ግን የማንንም ፈቃድ አይፈልግም፤ ዘመኑ አልፏልና። ለማንበብ የቋንቋው ማርጀት ያስቸግረው ይሆናል እንጂ ሕጉ አያስቸግረውም።

በዚህ ዐዋጅ አንድ ሰው በውል ለሌላው የሠራው ሥራ የገንዘብ መብቱ፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ ያሠራው ሰው ነው። እንግዲህ አሴሊን ዛሬ ቢሆንም 1,250ውን ፓውንድ ምናልባት በሕግ ይወስድ ነበር። ነገር ግን ሕጉ ሁለተኛ መብት አለው፤ እርሱም በሥራው ላይ ስምን የማስጠራትና ሥራው እንዳይጐድፍ የመቃወም መብት ነው። ይህ ያሠራውም ሰው የማይወስደው የሠራተኛው ነው። ሁለቱ በካይሮ በማክሰኞና በቅዳሜ ሲቀመጡ ይህ ሕግ ገና አልነበረም።