ቁስሉ ቢጠፋም በሽታው አልጠፋም
(ፍላቂት ላይ ለተሰበሰቡ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አባለ ዘር በሽታ ነው። ነገሩ ያሳፍራል። ሰው ቁርጥማቱን ገበያ መሐል ያወራል፤ ይህን በሽታ ግን ለሚስቱም አይነግርም። በሽታው የሚበረታውም በዚሁ ዝምታ ነው። እኛ ግን በስማቸው እንጠራቸዋለን፤ ጨብጥና ቂጥኝ።

«በጨረቃ ስሸና ያዘኝ» የሚል አለ። «ምች መታኝ» የሚልም አለ። ጨረቃ ምን አደረገች? በሽታዎቹን የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ናቸው። የጨብጡን በ1879፣ የቂጥኙን በ1905 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) የጀርመን ሊቃውንት በአጉሊ መነጽር አይተው ለይተዋቸዋል። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፉት በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ከእናት ወደ ልጅም ያልፋሉ።

ጨብጥ በወንድ ላይ ቶሎ ይታወቃል። ብዙ ጊዜ ከግንኙነቱ በኋላ ከ2 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ሽንት ያቃጥላል፤ ከብልት መግል ይወጣል። ሴቷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይታወቃት። በሽታው ውስጥ ውስጡን ወደ ማሕፀን ይዘልቅና የዘር ቱቦዋን ይደፍናል። ከዚያ ልጅ ሲጠፋ «መካን ናት» ተብላ ትፈታለች። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ፣ ወይም በቻይና መንገድ ወልድያ ደርሶ በሽታውን ይዞላት የመጣው ባል ሌላ ያገባል። ይህ ግፍ ነው። ክላሚዲያ የሚባልም አለ፤ ምልክቱም ጉዳቱም ከጨብጥ ጋር ይመሳሰላል።

ጨብጥ ያለባት እናት ስትወልድ የሕፃኑ ዓይን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል። ቶሎ ካልታከመ ሊታወር ይችላል። በጤና ጣቢያ ለተወለደ ሕፃን ዓይኑ ላይ ቅባት የሚደረግለት ለዚህ ነው።

ቂጥኝ ደግሞ አታላይ ነው። ከ3 ሳምንት ገደማ በኋላ ብልት ላይ አንድ ጠንካራ ቁስል ይወጣል። ቁስሉ አያምም። የማያም ቁስል ማን ይፈራል? ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ያለ መድኃኒት ይደርቃል። ሥር ቀቅሎ የጠጣው «ሥሩ አዳነኝ» ይላል። ምንም ያልጠጣውም እኮ ቁስሉ ይደርቅለታል! በሽታው ግን እንደ ተዳፈነ እሳት ነው። ቆይቶ በገላ ላይ፣ በመዳፍና በውስጥ እግር ሳይቀር ሽፍታ ያወጣል። ያም ይጠፋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ልብንና አንጎልን ሊያጠቃ ይችላል። ነፍሰ ጡርን ያስወርዳታል፤ ወይም ሞቶ የተወለደ ልጅ ያሳቅፋታል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ደሟን ትመርመር። ቂጥኙ ከተገኘ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል፤ ልጁም ይተርፋል።

«እኔም በፔኒሲሊን ነው የዳንሁ» የሚሉ አዛውንት አሉ። ለቂጥኝ እውነት ነው። ጨብጥ ግን ፔኒሲሊንን ተላምዶታል፤ ዛሬ የሚታከመው በሌላ መድኃኒት ነው። ከጎረቤት የተረፈ እንክብል መዋጥ፣ ከገበያ ገዝቶ መሞከር በሽታውን ያለማምደዋል እንጂ አያድንም። ቁስል ያለበት ሰው ኤች አይ ቪም በቀላሉ ይይዘዋልና ያንንም አብሮ ይመርመር።

ባል ብቻውን ታክሞ ቢመጣስ? ሁለት ሰው አንድ ጋቢ ለብሶ ሲያድር የአንዱን ቅማል ብቻ መልቀም ማለት ነው። በሳምንቱ ይመለስበታል። ባልና ሚስት አብረው ይታከሙ፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድም ከግንኙነት ይቆጠቡ። ከትዳር ውጭ የሚሄድ ሰው ካለ ኮንዶም ይጠቀም፤ ብንደብቀው አይጠቅምም። የጤና ባለሙያ የነገራችሁትን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። በሰው ፊት መጠየቅ የከበደው ስንበተን ለብቻው ያናግረን። ሴቶችን የምታነጋግር ነርስም አብራን መጥታለች።