የጓሮ አትክልት በሞቃት አገር

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጓሮ አትክልት ነው። ደብተርና እርሳስ አቅርቡ። ከመካከላችሁ ማንበብ የለመደው ላልለመደው ቀስ እያለ ያንብብለት።

«ቆላ አገር ምን አትክልት አለ? ፀሐዩ ያነደዋል» ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እኛም ቤት ይህ ይባል ነበር። ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በዚያን ዘመን ታናሽ እህቴ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ይሳናት ጀመር። ማታ ማታ በሩን ስታ ከግድግዳ ጋር ትጋጭ ነበር። ጤና ጣቢያ ስትወሰድ «ይህ ዳፍንት ነው፤ የቪታሚን ኤ እጥረት ያመጣዋል» ተባለ። መድኃኒት ሰጧትና «ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ አብሏት» ብለው መከሩን። ጎመኑ ግን ከሐረማያ በኩል ወደ ገበያ የሚመጣ ነው። በየቀኑ መግዣ ከየት ይምጣ?

እናቴም ዶማ አንስታ ጓሮውን ቆፈረች። በሚያዝያ ቲማቲም ተከለች። ቲማቲሙ አደገ፣ አበበ፤ አበባው ግን ሁሉም ረገፈ። አዲስ በተማረችው ጽሕፈት በደብተሯ «ሚያዝያ፤ አበባው ረገፈ» ብላ ጻፈች። በሚቀጥለው ዓመት በመስከረም ዘራች። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል አበበ፤ ፍሬም ያዘ። ይህንንም ጻፈች። ያ ደብተር የቤታችን የእርሻ መጽሐፍ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀኑ ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሌሊቱም ሳይቀዘቅዝ ሲቀር ቲማቲም አበባውን ይጥላል። ስለዚህ በቆላ ቲማቲምና ካሮት የቀዝቃዛው ወራት እንግዶች ናቸው። የሙቀቱን ወራት የሚችሉት ደግሞ ሌሎች ናቸው፤ ባሚያ፣ ስኳር ድንች፣ ዱባ፣ ሽፈራው። ሽፈራውን የኮንሶ ሰዎች በደጃቸውና በእርከናቸው ላይ ተክለው ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው ይበሉታል። አንዴ ከያዘ ድርቅ አይበግረውም። የሐበሻ ጎመንና ቆስጣም ጥላና ውኃ ካገኙ በሙቀቱ ጊዜ ይቆያሉ።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ።

አንደኛ፣ አፈሩን መግቡት። የተራበ አፈር የተራበ ጎመን ያበቅላል። መኖውም ከቤታችሁ አይጠፋም፤ የወጥ ቤት ልጣጭ፣ የታረመ አረም፣ ጭድ፣ የከብትና የዶሮ ፋንድያ፣ አመድ። እነዚህን አብስብሰን ኮምፖስት እናደርጋቸዋለን። በደረቅ አገር እርጥበቱ እንዳይጠፋ ጉድጓድ ቆፍሩ። ዝናብ በሚበዛበት አገር ከመሬት በላይ ከምሩ። ከሥሩ አየር እንዲገባ ቆረጥ ቆረጥ ያለ አገዳ አንጥፉ። በላዩ አንድ ስንዝር ያህል ደረቅና ለምለም ቅጠል ቀላቅላችሁ ጨምሩ፤ ከዚያ አራት ጣት ያህል ፋንድያ፤ ከዚያ ስስ አፈርና ጥቂት አመድ። ውኃ ረጭ አድርጋችሁ እንደገና ከመጀመሪያው ድገሙ። ክምሩ እስከ ወገብ ሲደርስ ቅጠል አልብሱት፤ መሀሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክታችሁ ተዉት።

ያ እንጨት የክምሩ ሐኪም ነው። ከሳምንት በኋላ ንቀሉትና በእጃችሁ ዳስሱት። ሞቅና ርጥብ ካለ ሥራው እየሄደ ነው። ደረቅ ከሆነ ውኃ ጨምሩ። ከከረፋ ውኃው በዝቶበታልና ገልብጡት፤ ደረቅ ነገርም ቀላቅሉበት። በየሦስት ሳምንቱ አገላብጡት። በሞቃት አገር ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ጥቁር፣ ፍርክስክስ የሚል፣ የዝናብ አፈር የሚሸት ብስባሽ ይሆናል። ትኩስ ፋንድያ ግን በአትክልት ላይ አታድርጉ፤ ሥሩን ያቃጥላል፣ በሽታም ያመጣል። የሰው ዓይነ ምድርንም ከዚህ ክምር አርቁ።

ሁለተኛ፣ መደቡን አዘጋጁ። ስፋቱ አንድ ሜትር ከሆነ በሁለቱም ወገን ቆማችሁ እጃችሁ መሀል ይደርሳል፤ አፈሩንም አትረግጡትም። በደረቅ አገር መደቡን ከመሬት ዝቅ አድርጉት፤ ውኃ ይቋጥራል። ዝናብ በሚበዛበት ከፍ አድርጉት።

ሦስተኛ፣ ችግኝ አፍሉ። ቲማቲም፣ ቃሪያና ጎመን መጀመሪያ በትንሽ መደብ ይዘሩና የሣር ዳስ ይሠራላቸዋል። ካሮትና ባሚያ ግን እዚያው በሚያድጉበት ይዘሩ። የባሚያን ዘር ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ብታሳድሩት ቶሎ ይበቅላል። የቲማቲም ችግኝ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ሲሆነው ይዛወራል። ከመዛወሩ ሳምንት በፊት ዳሱን እያሳሳችሁ፣ ውኃውንም እየቀነሳችሁ ፀሐይ አስለምዱት። የምታዛውሩት ፀሐይ ስትበርድ፣ ወደ ማታ ነው። በቲማቲም እግሮች መካከል 30፣ በመስመሮች መካከል 100 ሳንቲ ሜትር ተዉ።

አራተኛ፣ ውኃ ቆጥቡ። ጠዋት በማለዳ ወይም ወደ ማታ አጠጡ፤ በቀትር የሚፈስ ውኃ ግማሹ የፀሐይ ነው። ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን አጠጡ። ከዚያ በተክሉ ዙሪያ ሣር ወይም ጭድ ጎዝጉዙ። ጉዝጓዙ አፈሩን ያቀዘቅዛል፣ አረምን ያፍናል፣ ሲበሰብስም ማዳበሪያ ይሆናል። ጣሳ በምስማር በስታችሁ ብታንጠባጥቡበት ማጠጫ ገዛችሁ ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ተባይን በዓይን ጠብቁ። በየጠዋቱ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩ። ትሉን በእጅ ልቀሙ። ክሽክሽ ከታየ በውኃ አጥባችሁ አራግፉት። ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ግን አትግደሏት፤ ክሽክሽ የምትበላ ወዳጃችሁ ናት። ተባዩ ከበረታ የኒም ዛፍ ፍሬ ፍለጉ። 50 ግራም የደረቀ ዘር ወቅጣችሁ በአንድ ሊትር ውኃ አሳድሩ፤ አጥልላችሁ ወደ ማታ ርጩ። ደግሞም ቲማቲም በነበረበት መደብ ቃሪያ ወይም ድንች አታስከትሉ፤ በሽታቸው አንድ ነው። አደንጓሬ ወይም ጎመን አስከትሉ።

አሁን ልብ ብላችሁ አድምጡኝ። ጓሮ ለልጅ የሚበላ ነገር የሚለቀምበት ቦታ ነው። መርዝ ረጭቶ በማግሥቱ ቀጥፎ ማብሰል ልጅን በገዛ እጅ መጉዳት ነው። ከዚህም የባሰ አለ። መርዙን በለስላሳ ጠርሙስ ገልብጦ ቤት የሚያስቀምጥ አለ። የተጠማ ልጅ ጠርሙሱን እንጂ መርዙን አያይም! ጎረቤታችሁ መርዝ የሚጠቀም ከሆነ በመያዣው ላይ የተጻፈውን አንብቡለት፤ ከተረጨ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚለቀም ተጽፎበታል። ፊደል መቁጠራችሁ ለዚህም ነው።

የእህቴን ነገር ሳልጨርስ ልሂድ? ዓይኗን መድኃኒቱ መለሰላት። እንዳይመለስባት የጠበቃት ግን ያ ጓሮ ነው። እናንተም ልጃችሁ ማታ ማታ ከተደናበረ ጎመን እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጎመኑንም ስታበስሉ ብዙ አትቀቅሉት፤ ጥቂት ዘይት ጣል አድርጉበት፤ ቪታሚን ኤ ያለ ቅባት ለሰውነት በደንብ አይደርስም።

በሉ እንግዲህ እርሳሳችሁን አንሡ። እነዚህን ቃላት ጻፉ፤ ብስባሽ፣ መደብ፣ ችግኝ፣ ጉዝጓዝ። ቀጥሎ እነዚህን ጥያቄዎች ተነጋገሩባቸው። በእናንተ አገር ቀዝቃዛው ወር የትኛው ነው? እንጨቱ ደረቅ ሆኖ ቢወጣ ምን ታደርጋላችሁ? የመርዝ መያዣ ላይ ምን ይነበባል? በመጨረሻም አንድ ገጽ ባዶ ተዉ። የዘራችሁበትን ቀን፣ የዘራችሁትን፣ የሆነውንም ጻፉበት። የረገፈም ቢሆን ጻፉት፤ የሚያስተምራችሁ እሱ ነው።

በደኅና ሰንብቱ።