ልጆቻችን ያነባሉ፤ ግን ይገባቸዋል ወይ?

(ገለምሶ ከተማ ላይ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፈተና ነው። ፈተና ሲባል የሁላችንም ልብ ድንግጥ ይላል፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። 3.3 በመቶ! በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ት/ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ።

ሹማምንቱ ኩረጃ በመቅረቱ እውነቱ ወጣ ይላሉ። ይሁን፤ ኩረጃ መቅረቱ ደግ ነው። ግን ለመሆኑ ይህ ልጅ 12 ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ምን እንደጎደለው ማን አየለት? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኸ አይደለም ወይ?

የውድቀቱ ምክንያት ብዙ ነው። የመምህር ኑሮ አለ፣ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ የሰላም እጦት አለ፣ ባዶ ሆድ አለ። እኔ ዛሬ ከነዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ አነሳለሁ፤ እንግሊዝኛውን። የፊዚክሱም፣ የባዮሎጂውም፣ የጂኦግራፊውም ወረቀት የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የፊዚክስ ፈተና የምንለው መጀመሪያ የንባብ ፈተና ነው። ጥያቄው ያልገባው ልጅ ፊዚክሱን ይወቅ አይወቅ በምን ይታወቃል?

ማንበብና መረዳት ሁለት ናቸው

ይህን ለኛ አገር ሰው ማስረዳት ከባድ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ ዳዊት ይደግማል። ግን ዳዊት ደገመ ማለት ግዕዙ ገባው ማለት አይደለም፤ ትርጓሜ የራሱ ጉባኤ፣ የራሱ መምህር አለው። ቁርአን ቤትም እንዲሁ ነው። ልጁ ዐረብኛውን አሳምሮ ይቀራል፣ ትርጉሙ (ተፍሲሩ) ግን ኋላ የሚመጣ ሌላ ትምህርት ነው። አባቶቻችን ሁለቱን ለይተው ያውቁ ነበር። የዛሬው ት/ቤት ነው ያደባለቃቸው። ልጁ እንግሊዝኛውን ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰምተን "ጎበዝ!" እንላለን፤ ገባህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

"እንዴ! ጥያቄ እንጠይቃለን እንጂ" የሚል መምህር ይኖራል። እስቲ አብረን እንሞክረው። ቀጥሎ የማነብላችሁን አድምጡ፤ "ሦስቱ ድምርጎዎች ትናንት ማለዳ ወደ ቅምጥራ ዘገለጡ።" የማንም ቋንቋ አይደለም፤ እኔው የፈጠርኩት ነው። አሁን ልጠይቃችሁ። ስንት ድምርጎዎች ዘገለጡ? ሦስት። መቼ? ትናንት ማለዳ። ወዴት? ወደ ቅምጥራ። ሦስት ከሦስት አገኛችሁ! ታዲያ ድምርጎ ምንድን ነው? መዘግለጥስ መሮጥ ነው ወይስ መተኛት? የክፍል ፈተናዎቻችንን አውጥታችሁ እዩ፤ ስንቱ ጥያቄ እንዲህ ከአረፍተ ነገሩ ላይ ቃል ለቅሞ የሚመለስ እንደሆነ ቁጠሩት።

ከዚህ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ምርጫውን ጨምሩበት። አራት ምርጫ ባለው ፈተና ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ልጅ በአማካይ ከ20 ጥያቄ 5 ያገኛል። ከመጽሐፉ ቃል በቃል የወጣ ምንባብ ከሆነ ደግሞ የሸመደደው ይሞላዋል። እንዲህ እየተንከባለለ 12ኛ ክፍል ይደርሳል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ ደግሞ ከ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በኋላ እስከ 12ኛ ድረስ ከት/ቤቱ ውጭ የሚመዝነው የለም። ቀዳዳው የሚታየው ልብሱ ካለቀ በኋላ ነው።

ስንት ቃል ይበቃል?

ይህን ዓለም በቁጥር አስልቶታል። የኒውዚላንዱ የቋንቋ ምሁር ፖል ኔሽንና ባልደረቦቹ ባደረጉት ጥናት አንድን ጽሑፍ ያለ ረዳት በደንብ ለመረዳት አንባቢው ከ100 ቃላት 98ቱን ያህል ማወቅ አለበት። ሌሎች ተመራማሪዎች ቢያንስ 95 ይላሉ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል አይደል? 300 ቃላት ባሉት አንድ ገጽ ላይ 98 በመቶ ማለት 6 የማይታወቁ ቃላት ናቸው። 95 በመቶ ከሆነ 15 ይሆናሉ። 80 በመቶ ከሆነስ? 60! በአንድ ገጽ 60 እንቅፋት ያለበት ልጅ አያነብም፤ ይደናበራል።

እንግሊዛዊው ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቤንጋል ውስጥ፣ ዳካ ላይ ሲሠራ ያየው ይህንኑ ነበር። የቤንጋል ልጆች መጽሐፍ ተሸክመው ሳይገባቸው ያነቡ ነበር። እሱም አዳዲስ ቃላት በጥቂት በጥቂቱ እየገቡ፣ እየተደጋገሙ የሚሄዱባቸውን የንባብ መጻሕፍት አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ 2,000 ያህል እጅግ የሚዘወተሩ የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር አወጣ። እነዚህን በደንብ ያወቀ ሰው ከተራ ጽሑፍ 80 በመቶ ገደማውን ያገኛል። በሩ እነሱ ናቸው። የኛ የ9ኛ ክፍል ልጅ ከነዚህ 2,000 ስንቱን ያውቃል? የሚያውቅ መምህር እጁን ያውጣ። ወረዳውም፣ ዞኑም፣ ሚኒስቴሩም ቢጠየቁ ስለ እያንዳንዱ ልጅ መልስ የላቸውም፤ ማንም ቆጥሮለት አያውቅምና።

ቃል ማወቅም ደረጃ አለው። ልጁ "ሩት" ማለት የዛፍ ሥር መሆኑን ያውቃል፤ ሒሳብ ላይ "ስኩዌር ሩት" ሲመጣበት ግራ ይጋባል። "ፕላንት" ተክል መሆኑን ያውቃል፤ ፋብሪካም እንደሆነ ማንም አልነገረውም። "ቴብል" ጠረጴዛ ነው ብሎ የሸመደደ ልጅ ኬሚስትሪ ላይ "ፔሪዮዲክ ቴብል" ሲያይ ምን ይበል?

ጥፋቱ የማን ነው?

በከተማው የሚወራ አንድ ነገር አለ። "በአፋን ኦሮሞ ስለተማሩ ነው የወደቁት" ይባላል። ይኸ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። በ1978 ዓ.ም. ገደማ፣ በደርግ ጊዜ፣ ስቶዳርት የተባለ እንግሊዛዊ ባለሙያ ያቀረበው ጥናት አብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን ትምህርት መከታተል እንደማይችል ገልጿል። ያኔ እኮ ቁቤም አልነበረም፤ እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ፣ ከ7ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነበር። ከ1986 ዓ.ም. ፖሊሲ በኋላ ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጥናት፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት ማምጣታቸውን አሳይቷል።

እንግዲህ በሽታው የአፍ መፍቻ ቋንቋው አይደለም። በሽታው ከ8ኛ ወደ 9ኛ ስንሻገር ድልድይ አለመኖሩ ነው። ልጁ ሰኔ ላይ ሳይንስን በአፋን ኦሮሞ ተፈትኖ ይወጣል፤ መስከረም ላይ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። መሻገር መቻሉን ማንም አልፈተነውም። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ የመጣ ጊዜም ያው ነበር። ቴሌቪዥኑ በፈጣን እንግሊዝኛ ያወርደዋል፤ ተማሪው አፉን ከፍቶ ያያል። ያ ሁሉ ገንዘብ ሲወጣ "ለመሆኑ ልጆቹ ስንት ቃል ያውቃሉ?" ብሎ አስቀድሞ መለካት ምን ይከለክል ነበር?

ታዲያ ምን እናድርግ?

መንግሥት እስኪያስብልን አንጠብቅ። መምህራን፣ የምነግራችሁ ነገር ጠመኔና አንድ ወረቀት ብቻ የሚጠይቅ ነው።

አንደኛው፣ 50 ቃላት ሰሌዳ ላይ ጻፉ። 35ቱ ከሚዘወተሩት እውነተኛ ቃላት ይሁኑ፤ 15ቱን እንደ ድምርጎ ከራሳችሁ ፍጠሩ። ልጆቹ የሚያውቁትን ብቻ ምልክት ያድርጉ። የሌለ ቃል "አውቃለሁ" ያለ ልጅ እየገመተ ነውና ከውጤቱ ቀንሱ። በሃያ ደቂቃ የክፍላችሁን አቅም ታያላችሁ።

ሁለተኛው፣ ከ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፍ አንድ ገጽ ምረጡ። የመጀመሪያውን አረፍተ ነገር እንዳለ ተዉት፤ ከዚያ ወዲያ በየሰባተኛው ቃል ላይ ባዶ ቦታ አስቀምጡና ተማሪው ይሙላ። ዊልሰን ቴይለር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1953 ያመጣው ዘዴ ነው፤ "ክሎዝ" ይሉታል። ትክክለኛውን ቃል ከ100 ባዶ ቦታ 40ውን እንኳ ያልሞላ ልጅ፣ ያ መጽሐፍ ከአቅሙ በላይ ነው። እዚህ ላይ ሽምደዳም ግምትም እምብዛም አይሠራም።

ሦስተኛው፣ ልጁ በእንግሊዝኛ ያንብብ፣ ያነበበውን ግን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ይንገራችሁ። ገብቶት መጻፍ ያቃተው ልጅና ጭራሽ ያልገባው ልጅ የሚለዩት በዚህ ነው። አሁን ሁለቱንም "ሰነፍ" ብለን አንድ ላይ ነው የምንጥላቸው።

አራተኛ፣ ምንባቡን ስትመርጡ አስቡ። ስለ በረዶ ሸርተቴ የሚያወራ ምንባብ ለገለምሶ ልጅ የእንግሊዝኛ ፈተና አይደለም፤ የማያውቀውን አገር ወሬ መፈተኛ ነው። ይህ ልጅ ቡናን ከችግኙ እስከ ገበያው፣ ጫትን ከማሳው እስከ መኪናው ያውቃል። ስለሚያውቀው ነገር ሲያነብ አንድ ሁለት አዲስ ቃል ቢገጥመው ከዙሪያው ገምቶ ይደርስበታል። ከሚያውቀው ጀምሩለት፣ ወደማያውቀው ውሰዱት።

አንድ ነገር አደራ! ይህ ፈተና ነጥብ ውስጥ አይግባ፤ ደረጃም አይውጣበት። ሐኪም ትኩሳት የሚለካው በሽተኛውን ሊቀጣ አይደለም። በ9ኛ ክፍል በመጀመሪያው ሳምንት ይደረግ፤ ውጤቱ ለወላጅ ይነገር፤ የጎደለው ልጅ በሳምንት 30 ቃል፣ ከነአገባቡ፣ በሚገባው ምንባብ ውስጥ እየተደጋገመ ይማር። በ36 ሳምንት ከ1,000 ቃል በላይ ነው።

ወላጆች፣ እናንተም "ስንተኛ ወጣህ?" ብቻ አትበሉ። እንግሊዝኛ ባታውቁም መጽሐፉን አስከፍቱና "ይኸ ገጽ ምን ይላል? በቋንቋችን ንገረኝ" በሉት። ዝም ካለ ምን እንደጎደለ አወቃችሁ።

ለባለሥልጣኖቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ጭሮ ላይ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለ። የምዕራብ ሐረርጌን የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በየዓመቱ መስከረም ላይ ፈትኖ፣ በየት/ቤቱ ያለውን ጉድለት ለሕዝብ ይፋ ማድረግ ከባድ ሥራ አይደለም። የ12ኛ ክፍልን ውድቀት በቴሌቪዥን ለመንገር የማታፍሩ ከሆነ፣ የ9ኛ ክፍልን ጉድለት ለመንገር ለምን ታፍራላችሁ? የመጀመሪያው ወሬ ሐዘን ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን ሦስት ዓመት ጊዜ ይሰጠናል።

ተማሪዎች፣ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ያልገባችሁን ቃል ገባኝ አትበሉ። የማታውቁትን ማወቅ የትምህርት መጀመሪያው ነው፤ የሚያሳፍረው ሳይገባ ማለፍ ነው።