ፍሩሽካ ብቻ የሚበላው ፈረስ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ወርኃዊ መዋጮና ስለ ድንኳኑ እድሳት ብዙ ከተነገረ በኋላ ስለ ፈረስ ለመናገር መነሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። «እድር የሰው ጉዳይ እንጂ የከብት ጉዳይ ምን አገባው?» የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ለቅሶ በደረሰ ቁጥር ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ድስቱንና የውሃውን በርሜል ከዕቃ ቤት ወስዶ ሐዘንተኛው ደጃፍ የሚያደርሰው ማን ነው? የጋሪ ፈረስ ነው። ከአባሎቻችንም መካከል በጋሪ የሚተዳደሩ አሉ። እንዲህ ባለ ቤት ፈረሱ የሞተ ዕለት ሰው ባይሞትም እንጀራው ሞቷል። እኛ ግን ድንኳን አንተክልለትም፤ ደንባችንም አይፈቅድም። ስለዚህ ከመሞቱ በፊት እንነጋገር ብዬ ነው።

ነገሩን ያነሣሁት በእኅቴ ልጅ ምክንያት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ስለ ፈረሱ እንድናገር ግን ፈቅዶልኛል። ልጁ ሥራ ወዳድ ነው። አይጠጣም፣ ፈረሱን ያለ ምክንያት አይገርፍም፣ ማታ ሳያበላ አይተኛም። እንዲህም ሆኖ በዚህ ዓመት ፈረሱ እየከሳ ሄደ። መጀመሪያ የጎድን አጥንቱ ተቆጠረ። ቀጥሎ አንድ ቀን በፊት እግሩ፣ ሌላ ቀን በኋላ እግሩ ማነከስ ጀመረ፤ ሰኮናው ቢታይ ድንጋይም ምስማርም የለበትም። በመጨረሻም ከዓይኑ በታች ያለው የፊቱ አጥንት ከግራና ከቀኝ እያበጠ መጣ። ልጁ በሠፈሩ ያልጠየቀው ሰው የለም። አንዱ «ዓይን ነው የበላው» አለው፤ ሌላው «ጥርሱ ነው፣ አስተኩሰው» አለው። እንደ እግዚአብሔር ቸርነት ከመተኮሱ በፊት ደረስኩ።

«ምን ታበላዋለህ?» ብዬ ብጠይቀው ደረቱን ነፍቶ፣ «ፍሩሽካ ነዋ ጋሼ! እንደ ሌላው ጭድ አላበላውም እኮ። ከልጆቼ ጉሮሮ ነጥቄ በኩንታል ነው የምገዛለት» አለኝ።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ልጁ ጨካኝ ቢሆን ኖሮ መውቀሱ ቀላል ነበር። እርሱ ግን ፈረሱን ያከበረ መስሎት፣ ከጎረቤቶቹ የበለጠ ገንዘብ አውጥቶ፣ ፈረሱን እየጎዳ ነው። በከተማችን እንደ እርሱ የሚያደርጉ ብዙ ባለጋሪዎች አሉ። ጠዋት ምንም፣ ቀን ምንም፣ ማታ አንድ ባልዲ ፍሩሽካ በውሃ ለውሰው ያቀርባሉ። ፈረሱም ሙልጭ አድርጎ ስለሚበላው የተመቸው ይመስላቸዋል። የተራበ ምን ያልበላል?

የፈረስ ሆድ እንደ በሬ ሆድ አይደለም። አያመሰኳም። ጨጓራው ከሰውነቱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ሣሩ የሚብላላው በስተኋላ ባለው ትልቁ አንጀቱ ነው። ፈጣሪ የሠራው ጥቂት በጥቂት፣ ቀኑን ሙሉ እንዲግጥ ነው። ሜዳ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ከ24ቱ ሰዓት 16 ያህሉን ሲግጥ ያሳልፋል። የጨጓራው አሲድም ቢበላም ባይበላም መፍሰሱን አያቋርጥም። እንዲህ ያለውን ፍጥረት ከንጋት እስከ ምሽት በባዶ ሆዱ አውሎ፣ ማታ አንድ ባልዲ ፍሩሽካ ወይም እህል በአንድ ጊዜ ማጉረስ ምን እንደሚያመጣ ባለጋሪዎች ታውቁታላችሁ። ፈረሱ ሆዱን ዞር ብሎ ያያል፣ መሬቱን በእግሩ ይጭራል፣ ይንከባለላል፣ ያልበዋል። ፈረስ ደግሞ ማስታወክ አይችልም፤ የገባው ካልተንሸራሸረ ጨጓራው እስከ መፈንዳት ይደርሳል። በአንድ ሌሊት የሚሞተው በዚህ ነው።

ይህ የቁርጠቱ ነገር ነው። የእኅቴን ልጅ ፈረስ ያገኘው ግን ሌላ፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ፈረሱን እንዳየ የጠየቀው ያንኑ እኔ የጠየቅሁትን ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አጥንት የሚሠራው በተለይ ከካልሲየምና ከፎስፎረስ ነው፤ ሁለቱም በመጠን በመጠን ሊገኙ ይገባል፤ ካልሲየሙም ቢበልጥ ይሻላል። ፍሩሽካ ውስጥ ግን ፎስፎረሱ ከካልሲየሙ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ፈረሱ ያንን ብቻ ለወራት ሲበላ ደሙ ውስጥ ካልሲየም ያጥረዋል። ሰውነቱም የጎደለውን ለመሙላት ከራሱ አጥንት እየቀነሰ ይወስዳል። የአጥንቱ ቦታ በልል ሥጋ ይተካል፤ መንጋጋውና ፊቱ ያብጣል፣ ጥርሱ ይላላል፣ መገጣጠሚያው ያመዋል፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ያነክሳል። በአጭሩ ፈረሱ የራሱን አጥንት እየበላ ነበር ጋሪውን ሲጎትት የከረመው። ይህ የኛ አገር በሽታ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ በድሮ ጊዜ ወፍጮ ቤት ያላቸው ሰዎች የተረፋቸውን ፍሩሽካ ለፈረሶቻቸው ያበሉ ስለነበረ፣ ይኸው በሽታ «የወፍጮ ቤት በሽታ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር።

ስለዚህ ፍሩሽካ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ፍሩሽካ ወጥ ነው፤ እንጀራው ሣር ነው። ያለ እንጀራ ወጥ ብቻ የሚጠጣ ሰው ጤና ያገኛል?

የኛ አገር የጋሪ ፈረስ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ 250 ኪሎ ቢደርስ ነው። እንዲህ ያለው ፈረስ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ እጅ ድርቆሽ ወይም ጭድ መሆን አለበት። ድርቆሽ ከጠፋ የጤፍ ጭድ ከስንዴ ጭድ ይሻላል። የባቄላና የምስር ገለባ የተገኘ እንደሆነ ደግሞ ያንን የጎደለ ካልሲየም ይጨምርለታል። የቀረው አንድ እጅ ገብስና ፍሩሽካ ተደባልቆ፣ እርሱም ለሁለት ለሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጣል እንጂ በአንድ ባልዲ አይደፋበትም። ድርቆሹ ሻጋታ ከያዘ አይበላ፤ አቧራ ብቻ ከሆነ ውሃ ረጭቶ ማብላት ከሳል ያድነዋል። ካልሲየም ይጎድለዋል ስላልኩ ደግሞ ለግንብ የሚቀባውን ኖራ እንዳታበሉት አደራ! እርሱ አንጀት ያቃጥላል። ለመኖ ተብሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ አለ፤ መጠኑን ባለሙያ ይንገራችሁ።

ባለጋሪው ከተራው መውጣት ስለማይፈልግ «ቀን መቼ ላብላው?» ይላል። የእኅቴም ልጅ እንዲሁ ነው ያለኝ። መልሱ በጋሪው ላይ አንድ ጆንያ ድርቆሽ መያዝ ነው። ተራ በሚጠበቅበት ጊዜ ልጓሙን አውልቆ ማስጋጥ ይቻላል። ደንበኛ ሲመጣ ልጓሙን መመለስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

የውሃው ነገር ከምግቡም ይብሳል። በሙቀት የሚሠራ ፈረስ በቀን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሊጠጣ ይችላል፤ ብዙዎቹ ግን ጠዋትና ማታ ብቻ ነው የሚያጠጡት። «ያላበው ፈረስ ውሃ ከጠጣ ይሞታል» የሚባለው ሰዎችን አስፈርቷቸዋል። ያላበውን ፈረስ ጥቂት በጥቂት፣ እያሳረፉ ማጠጣት ነው እንጂ ጨርሶ መከልከል የለም። ውሃ የጠማው ፈረስ ደረቅ መኖ ሲበላ አንጀቱ ይታፈናል፤ ያው ቁርጠት ነው።

ስለ ዕቃውና ስለ ቁስሉ ብዙ አልልም፤ ባለጋሪዎች ከኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ቁስል ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይትና የባትሪ ውሃ ማፍሰስ ይቅር። አንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጎ ማጠብ ከዚያ ሁሉ ይሻላል። የአንዱን ፈረስ ዕቃና መጥረጊያ ጨርቅ ለሌላው ማዋስም ይቅር። በእግሩና በአንገቱ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ እያበጠ መግል የሚያወጣው በሽታ በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን፣ በቁስል በኩል በዕቃና በዝንብ ይተላለፋል። በ1998 ዓ.ም. በታተመ ጥናት በ28 የአገራችን ከተሞች ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶች ተመርምረው፣ ከመቶው 19 ያህሉ ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። ሳይብስ ለሐኪም ማሳየት ነው። ዝናቡን ተከትሎ በትንኝ የሚመጣውና ፈረሱን አረፋ አስደፍቆ የሚገድለው የፈረስ በሽታ ግን ክትባት አለው። ክትባቱም እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል፤ በየዓመቱ ማስከተብ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። ይህን ሁሉ ስነግረው ደስ ብሎት የሰማ እንዳይመስላችሁ። «ጋሪ ነድተህ የማታውቅ፣ እኔን ልታስተምር!» ብሎ ሁለት ሳምንት ያህል ቤቴን አልረገጠም። እኅቴም «በፈረስ ምክንያት ልጄን ታስቀይመዋለህ?» ብላ ተቆጣችኝ። አልፈረድኩባትም። እናት ናት። ደግሞም ሰው በሌላ ሰው ፊት «ፈረስህን እየገደልክ ነው» ሲባል አይወድም። ልቡን የመለሰው የኔ ንግግር ሳይሆን የባለሙያው እጅ ነው። ባለሙያው የልጁን ጣት ይዞ የፈረሱን መንጋጋ አስዳሰሰው። ያበጠው ቦታ ለስላሳ አለመሆኑን፣ አጥንቱ ራሱ መወፈሩን በጣቱ ሲያውቅ ልጁ ዝም አለ። በማግስቱ ድርቆሽ ሊጠይቅ መጣ። ከዘመዶቻችን ጋር ስለ እንዲህ ያለ ነገር መነጋገር የሚኖርባችሁ፣ ከክርክር ይልቅ ሐኪም መጥራት ያዋጣል እላለሁ።

አባቶቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደነበረ ታውቃላችሁ። አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። በአዊ ምድርም በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የአድዋን ዘማች ፈረሶች እያስታወሰ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። ትልቅ ሰው ሲሞትም ፈረሱ ተሸልሞ በለቅሶው መካከል ይሳብ ነበር። እንግዲህ ፈረስ በለቅሶ ላይ ቦታ ያገኘው የኛን ድንኳን ከመጎተቱ በፊት ነው። የጋሪውን ፈረስ በስም የሚጠራው ግን ዛሬ ማን አለ? «ቼ!» ነው ስሙ።

የልጁ ፈረስ አሁን ከሥራ ወጥቶ ሣር እየበላ ነው። ባለሙያው እንዳለው አጥንቱ እንዲጠና ወራት ይፈልጋል፤ ያበጠው ፊቱ ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል። በዚህ መካከል ቤቱ ገቢ የለውም። ልጁ የቀን ሥራ እየሠራ ነው፤ የእድሩን መዋጮ ግን እስካሁን አላቋረጠም። ሳይሻለው ቢጠምደው ፈረሱ መንገድ ላይ ይወድቃል፤ ቢያሳርፈው ደግሞ ልጆቹ ይቸገራሉ። ያለበት ጭንቅ ይህ ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የእድራችንን ዕቃ የማጓጓዝ ሥራ ለጊዜው ለሌላ ባለጋሪ ይሰጥ፤ የልጁ ፈረስ ሲያገግም ግን ሥራው እንዲመለስለት በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ። ሥራዬን ይወስዱብኛል ብሎ ከፈራ ፈረሱን ሳይድን ይጠምደዋል። ሁለተኛ፣ ማንም ያጓጉዘው ማን፣ የድንኳኑ ብረትና አግዳሚ ወንበሩ በአንድ ጊዜ አይጫን፤ ሁለት ምልልስ ይደረግ። የሁለተኛው ምልልስ ሒሳብ ከእድሩ ይከፈል፤ በነፃ አድርግልን እየተባለ ከፈረሱ ጉልበት አይወሰድ። ሐዘንተኛ ቸኩሏል እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ድንኳኑ ከአስከሬኑ በፊት እንደሚደርስ በብዙ ለቅሶ አይተናል። ሦስተኛ፣ ከክረምት በኋላ ከየግቢያችን የምናጭደውን ሣር ከማቃጠል ወይም ከመጣል አድርቀን ለባለጋሪዎቻችን እንስጥ። መድኃኒት የተረጨበት ግን አይሁን። ፌስታልም ከውስጡ ይለቀም፤ ፈረስ አንጀት ውስጥ የገባ ፌስታል አይወጣም።

በሦስቱም ላይ ድምፅ እንዲሰጥ ሊቀ መንበሩን እጠይቃለሁ። ፈረስ ያላችሁ አባላት ከስብሰባው በኋላ በዕቃ ቤቱ ደጃፍ ጥቂት ቆዩልኝ፤ የሚከተቡትን ፈረሶች ቁጥር መዝግበን ለእንስሳት ሐኪሙ ነገ እናስታውቃለን። ፈረሶቹን ግን ዛሬ እንዳታመጧቸው፤ እሑድ ነው፣ ይረፉ።